የሰርቨር ሁኔታ የሚያሳይ ገመድ አልባ ሰሌዳ፦ የኢኤስፒ32 እና የማክስ7219 ግምገማ

ካዛንቺስ በሚገኘው ቢሯችን የሰርቨር ክፍል በር ላይ የሰቀልነው ሰሌዳ የተሠራው ዋይፋይ ካለው ኢኤስፒ32 ማይክሮኮንትሮለር (በአንድ ቺፕ ላይ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር) እና እያንዳንዳቸው በአንድ ማክስ7219 ቺፕ ከሚነዱ አራት ባለ 8 በ8 ቀይ የኤልኢዲ ማትሪክሶች (በረድፍ የተደረደሩ ትናንሽ መብራቶች) ነው።

ማይክሮኮንትሮለሩን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ኤስፕረሲፍ የተባለው የሻንጋይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ለገበያ ያቀረበው ይህ ቺፕ ከሰርቨሮቹ መረጃ እየተቀበለ ማሳያውን ለማዘዝ ከበቂ በላይ አቅም አለው፤ ዋይፋዩ ግን በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ስለሚሠራ ራውተሩ 5 ጊጋኸርዝ ብቻ የሚያሰራጭ ከሆነ አይገናኝም።

ጥንቃቄ የሚሻው ማሳያው ነው። እያንዳንዱ ማክስ7219 የተላከለትን ምስል በራሱ ማህደረ ትውስታ ይዞ ከ256ቱ መብራቶች የራሱን 64 ያለማቋረጥ ስለሚያበራ የማይክሮኮንትሮለሩን ሥራ ያቃልላል። ሆኖም ዋይፋይ ሲቋረጥ ወይም ፕሮግራሙ ሲቆም የመጨረሻውን ምስል እንደያዘ ይቀራል፤ ሰርቨሩ ከወደቀ በኋላም «ደህና ነው» ማለቱን አይተውም። እንዲህ የሚያሳስት ሰሌዳ ከሚኖር ባይኖር ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ለ30 ሰከንድ አዲስ መረጃ ካልደረሰ ትልቅ የጥያቄ ምልክት እንዲወጣ፣ በቀኝ ታችኛው ጥግ ያለችው አንዲት ነጥብ ደግሞ ፕሮግራሙ እስከሠራ ድረስ በየሰከንዱ ብልጭ እንድትል አድርገናል። ሁሉም ሰርቨር ደህና ሲሆን ከዚህች ነጥብ በቀር የሚበራ የለም፤ የወደቀ ካለ ስሙ ይወጣል። ነጥቧ ብልጭ ማለቷን ካቆመች ወይም ከጠፋች የተበላሸው ሰሌዳው ራሱ መሆኑን ከኮሪደሩ ሆኖ ማወቅ ይቻላል።

የቮልቴጅ ልዩነትም አለ። ማክስ7219 በ5 ቮልት ሲሠራ የሚላክለት ምልክት ቢያንስ 3.5 ቮልት እንዲሆን አምራቹ ያዛል፤ የኢኤስፒ32 ምልክት ግን 3.3 ቮልት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያለ ችግር ቢሠራም ሽቦው ሲረዝም የተዘበራረቁ ነጥቦች ሊታዩ ስለሚችሉ ምልክቱን ወደ 5 ቮልት የሚያሳድገውን 74ኤችሲቲ125 የተባለ ርካሽ ቺፕ በመካከል ማስገባት ተገቢ ነው።

መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ሰሌዳውም ራውተሩም ዩፒኤስ (በባትሪ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ላይ መሆን አለባቸው፤ አለበለዚያ ሰርቨሮቹ እየሠሩ ሰሌዳው ይጠፋል ወይም የጥያቄ ምልክት ያሳያል። ባለብዙ ቀለም የሚፈልግ ሰው ደብልዩኤስ2812 የተባሉትን ባለቀለም ኤልኢዲዎች መጠቀም ይችላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ መብራት በሙሉ ነጭ ሲበራ እስከ 60 ሚሊአምፔር ስለሚስብ ለ256 መብራት 15 አምፔር ገደማ ይጠይቃል፤ ይህ ደግሞ ከስልክ ቻርጀር አቅም በላይ ነው።