ዌብሲ በኢሌቨንቲ ላይ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ኢሌቨንቲ በዛክ ሌዘርማን የተጀመረ፣ በኖድ (ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ በሚያሠራ ፕሮግራም) ላይ የሚሠራ የስታቲክ ሳይት ጀነሬተር፣ ማለትም ገጾችን አስቀድሞ ሠርቶ በኤችቲኤምኤል ፋይል የሚያወጣ መሣሪያ ሲሆን፣ ዌብሲ ደግሞ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣና ገጾችን ከኮምፖነንቶች (በስማቸው እየተጠሩ ከሚደጋገሙ የገጽ ክፍሎች) ለመገንባት የሚያስችል ፕለጊኑ ነው። ይህ ግምገማ የቴክኒክ ሰነዶችን የያዘ አንድ ድረ-ገጽ ነንጃክስ በተባለው የቴምፕሌት ቋንቋ ከተጻፉ ቴምፕሌቶች ወደ ዌብሲ ካዛወርኩ በኋላ ለበርካታ ወራት ስሠራበት ያየሁትን ይመለከታል። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ኮምፖነንት ለመጻፍ በኢሌቨንቲ ላይ ከሞከርኳቸው መንገዶች ሁሉ ዌብሲ ይሻላል፤ ድረ-ገጹን በሙሉ በእሱ ብቻ ለመሥራት መነሣት ግን አያዋጣም።

የሚሻልበት ምክንያት በአንድ ተራ የማሳሰቢያ ሳጥን ላይ በግልጽ ይታያል። በነንጃክስ የሳጥኑ ኤችቲኤምኤል በአንድ ማክሮ (በስሙ በሚጠራ የቴምፕሌት ቁራጭ) ውስጥ ይቀመጣል፣ መልኩን የሚወስነው ስታይል ሌላ ፎልደር ውስጥ ባለ ረጅም የሲኤስኤስ ፋይል መሀል ይገባል፣ የሚከፍተውና የሚዘጋው ጃቫስክሪፕት ደግሞ ሦስተኛ ቦታ ይኖራል፤ ሳጥኑ አንድ ቀን ሲሰረዝ ስታይሉ ባለቤት አጥቶ ይቀራል፣ ሌላ ቦታ ይፈለግ እንደሆነ እርግጠኛ የሚሆን ስለማይኖርም ደፍሮ የሚያጠፋው አይገኝም። በዌብሲ ሦስቱም በአንድ ፋይል ይቀመጣሉ፣ የፋይሉም ስም በቀጥታ የታጉ ስም ይሆናል። ኢምፖርት መጻፍ አያስፈልግም፤ ፋይሉ የኮምፖነንት ፎልደር ውስጥ እስካለ ድረስ ታጉን በየትኛውም የዌብሲ ገጽ ላይ መጥራት ይቻላል። ፋይሉ ሲሰረዝ ስታይሉም ስክሪፕቱም አብረው ይሄዳሉ።

ከዚህ የሚከተለው ጥቅም የገጹ ክብደት ነው። ዌብሲ እያንዳንዱ ገጽ የተጠቀመባቸውን ኮምፖነንቶች ሲኤስኤስና ጃቫስክሪፕት ብቻ ይሰበስባል፣ ሌይአውቱ (ገጾቹ የሚጋሩት ማዕቀፍ) ላይ ለእያንዳንዳቸው በሚጻፍ አንድ መስመርም በገጹ ራስጌ ያወጣቸዋል። ሳጥኑ በአንድ ገጽ ላይ አሥር ጊዜ ቢጠራ ስታይሉ የሚወጣው አንድ ጊዜ ነው፤ ሳጥን የሌለበት ገጽ ደግሞ ስታይሉን ጨርሶ አይሸከምም። ኮምፖነንቶቹ የሚሠሩት በቢልድ ጊዜ (ገጾቹ ተሠርተው ሲወጡ) ስለሆነ፣ ጸሐፊው ራሱ ስክሪፕት ካልጨመረ በቀር ወደ ብራውዘሩ የሚሄድ ጃቫስክሪፕት የለም።

ስታይልን በኮምፖነንቱ ወሰን ውስጥ የማጠር ችሎታው ጥሩ ነው፣ ነገር ግን አጥሩ ሰዎች እንደሚገምቱት ጥብቅ አይደለም። ዌብሲ የሚያደርገው ለኮምፖነንቱ ሥር አንድ ልዩ ክላስ መስጠትና ይህንኑ ክላስ በእያንዳንዱ ሰሌክተር (ስታይሉ የትኛውን ታግ እንደሚነካ በሚናገረው የሲኤስኤስ ክፍል) ፊት መለጠፍ ነው። ስለዚህ የኮምፖነንቱ ስታይል ወደ ውጭ አያመልጥም፤ በስሎት (ኮምፖነንቱ ውስጥ ለውጭ ይዘት በተተወ ቦታ) በኩል ወደ ውስጥ የገባውን ይዘት ግን ያገኘዋል። ሳጥኑ ውስጥ ላሉ ሊንኮች የተሰጠ ቀለም፣ ሳጥኑ ውስጥ የተቀመጠውን የሌላ ኮምፖነንት ሊንክም ይቀባል ማለት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚወስደው ትምህርት ሌላ ነው። ዌብሲ ፋይሎቹን የሚያነበው በእውነተኛ የኤችቲኤምኤል ፓርሰር (ኮዱን በኤችቲኤምኤል ደንብ በሚያነብ ፕሮግራም) በመሆኑ፣ ከሪአክት ወይም ከቪው፣ ማለትም ከታወቁት የጃቫስክሪፕት ፍሬምወርኮች፣ የመጣ ሰው የለመዳቸው አጻጻፎች እዚህ አይሠሩም። ታግን በራሱ ውስጥ በጭረት («/») መዝጋት ከእነዚህ አንዱ ነው፦ ፓርሰሩ ጭረቷን ከቁም ነገር ስለማይቆጥራት ታጉን እንደተከፈተ ይተወዋል፣ ከእሱ በኋላ ያለውንም ይዘት የኮምፖነንቱ ልጅ ያደርገዋል፤ ኮምፖነንቱ ስሎት ከሌለው ደግሞ ያ ሁሉ ይዘት ከገጹ ላይ ይጠፋል። ሰንጠረዥ ውስጥ የራስን ታግ እንደ ረድፍ ማስገባትም እንዲሁ ነው፤ የኤችቲኤምኤል ደንብ በሰንጠረዥ ውስጥ የማያውቀውን ታግ ከሰንጠረዡ በፊት አውጥቶ ስለሚያስቀምጠው፣ ረድፎቹ ከሰንጠረዡ በላይ ተበትነው ይታያሉ። መፍትሔው የታወቀውን የረድፍ ታግ ጽፎ «ዌብሲ፡ኢዝ» (webc:is) በተባለው አትሪቢዩት የኮምፖነንቱን ስም መስጠት ነው። የአትሪቢዩት ስሞችም ሁሉ ወደ ትንንሽ ፊደላት ይለወጣሉ፤ ሁለት ቃል ያለውን ስም በሰረዝ አያይዞ መጻፍና በጃቫስክሪፕቱ በኩል በካመል ኬዝ (ቃላቱን አጋጥሞ ሁለተኛውን በትልቅ ፊደል በመጀመር) መቀበል ይገባል። እነዚህ የኤችቲኤምኤል የራሱ ሕጎች ናቸው፤ ዌብሲ እንደ ሌሎቹ አይደብቃቸውም እንጂ አልፈጠራቸውም፣ እኔም በዚህ ረገድ አልቃወመውም።

የምቃወመው የምልክቶቹን ምርጫ ነው። ዌብሲ በ«@» የሚጀምርን አትሪቢዩት ለኮምፖነንቱ ብቻ የሚታይ ግብዓት፣ በሁለት ነጥብ የሚጀምረውን ደግሞ ዋጋው በጃቫስክሪፕት የሚሰላ አድርጎ ይወስዳል። በብራውዘር ውስጥ የሚሠራው አልፓይን የተባለ የጃቫስክሪፕት መሣሪያም እነዚሁኑ ምልክቶች ለኢቨንት (እንደ ቁልፍ መጫን ላለ ክስተት) እና ለባይንዲንግ (አትሪቢዩትን ከተለዋዋጭ ዋጋ ጋር ለማያያዝ) አቋራጭ አድርጎ ይጠቀምባቸዋል። ሁለቱ በአንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ ዌብሲ ቀድሞ ስለሚሠራ፣ ለምሳሌ አንድ ቁልፍ ሲጫን የሚሠራው የአልፓይን አትሪቢዩት ብራውዘር ሳይደርስ ይቀራል። የአልፓይንን ረጅም አጻጻፍ መጠቀም ችግሩን ይፈታል፣ ብዙ ኮድ ላለው ሰው ግን አሰልቺ እርማት ነው።

ኤዲተር ላይ የዌብሲ ፋይሎችን እንደ ኤችቲኤምኤል እንዲያነብ ማዘዝ ኮዱን በቀለም ለይቶ ለማሳየት ያህል ይበቃል። በማርክዳውን (በቀላል ምልክቶች በሚቀረጽ) ጽሑፍ መሀል ኮምፖነንት ለመጥራት ደግሞ አንዱ መንገድ የወጣውን ኤችቲኤምኤል ሁሉ በዌብሲ የሚያሳልፈውን ትራንስፎርም ማብራት ነው። ይህ አማራጭ ሲጫን ጠፍቶ የሚመጣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እያንዳንዱን ገጽ ዳግም ስለሚያስነብብ ገጾቹ በበዙ ቁጥር ቢልዱን ያዘገያል። ለሰነዶቼ ስል አብርቼዋለሁ፤ ጥቂት ገጽ ብቻ ኮምፖነንት የሚፈልግበት ድረ-ገጽ ቢሆን ግን ገጾቹን በቀጥታ በዌብሲ መጻፍን እመርጥ ነበር።

አዲስ ጽሑፍን ለአንባቢ ፕሮግራሞች የሚያሳውቀውን የአርኤስኤስ መጋቢና ለፍለጋ ሞተሮች የገጾቹን ዝርዝር የሚይዘውን ሳይት ማፕ በነንጃክስ እንደነበሩ ትቻቸዋለሁ። ሁለቱም የሚጻፉት በኤክስኤምኤል፣ ማለትም ኤችቲኤምኤልን በሚመስል ግን የራሱ ደንብ ባለው ቋንቋ ነው፤ በአርኤስኤስ ውስጥ አድራሻን የሚይዘው የሊንክ ታግ በኤችቲኤምኤል ደንብ ይዘት የሌለው፣ መዝጊያም የማይፈልግ ታግ ነው፣ የኤችቲኤምኤል ፓርሰር ካገኘውም አድራሻውን ከታጉ ውጭ ይጥለዋል። ኢሌቨንቲ ብዙ የቴምፕሌት ቋንቋዎችን በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ ጎን ለጎን ስለሚያሠራ፣ እነዚህን ሁለት ፋይሎች የሚነካ ምንም ለውጥ ማድረግ አላስፈለገኝም።