ባለ 88 ቁልፉ ዲጂታል ፒያኖ፦ ድምፅ አመራረጡና አብረውት የሚመጡት ሙዚቃዎች

ደብረ ብርሃን በሚገኘው ቤታችን ዲጂታል ፒያኖ ከገባ ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። የተገዛው ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ መለማመጃ ነው፤ ይሁን እንጂ በወጣትነቴ ክራር እመታ ስለነበር እኔም ከእሷ ባልተናነሰ ተቀምጬበታለሁ። የፋብሪካውን ስም ያልጠቀስሁት፣ በዚህ ደረጃ የሚገኙ ብዙ መሣሪያዎች ድምፅ የሚመረጥባቸውና አብሯቸው የመጣው ሙዚቃ የሚከፈትበት መንገድ ተቀራራቢ በመሆኑ ነው፤ ገዢ በቅድሚያ ሊመዝነው የሚገባውም ይኸው አሠራር ይመስለኛል። የእኛው 88 ቁልፎች፣ 10 ድምፆችና አንድ ፔዳል (ጣት ከተነሳ በኋላም ድምፁን የሚያቆይ የእግር መርገጫ) ያሉት፣ ክብደቱ 11 ኪሎ ተኩል የሆነ፣ ስክሪን የሌለው መሣሪያ ነው።

ስክሪን አለመኖሩ እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አይደለም። ከማብሪያውና ከድምፅ መጨመሪያው ሌላ ፊቱ ላይ ያለው አንድ በተን ብቻ ነው። ይህን በተን ብቻውን ሲጫኑት ዋናው የፒያኖ ድምፅ ይመጣል፤ ሌላ ድምፅ ለማግኘት ግን በተኑን በአንድ እጅ እንደያዙ፣ ለተፈለገው ድምፅ የተመደበውን የፒያኖ ቁልፍ በሌላው እጅ መንካት ያስፈልጋል። ሜትሮኖሙ (ለልምምድ ምት የሚቆጥረው) የሚነሳውም በዚሁ ስልት ነው። የትኛው ቁልፍ የትኛውን ድምፅ እንደሚያመጣ መሣሪያው ላይ አልተጻፈም፤ መመሪያውም በአማርኛ አልተዘጋጀም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጄ ኦርጋን ፈልጋ ሜትሮኖሙን ታስነሳ ነበር፤ ማቆሚያው ሲጠፋትም መሣሪያውን እስከ ነጭራሹ ታጠፋዋለች። በኋላ ከደብተር ሽፋን ሁለት ጣት ስፋት ያለው ቁራጭ ቆርጠን፣ የድምፆቹን ስም በየቁልፉ ትይዩ በአማርኛ ጽፈንበት፣ ከቁልፎቹ ኋላ አስደገፍነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ችግሩ ተቃለለ። ቁልፎቹ ላይ ወረቀት መለጠፍን ግን አልመክርም፤ ሙጫው አይለቅም፣ ልጅም ቁልፎቹን በእጇ ከማወቅ ይልቅ ማንበብ ትለምዳለች።

አሥሩ ድምፆች ሁለት ዓይነት ግራንድ ፒያኖ፣ ሁለት ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሁለት የቧንቧ ኦርጋን፣ ሁለት ሃርፕሲኮርድ (ከፒያኖ የቀደመ ባለ ቁልፍ መሣሪያ)፣ አንድ ስትሪንግ (የቫዮሊንና የመሰሎቹ ኅብር ድምፅ) እና አንድ ቫይብራፎን (የብረት ዘንጎቹ በመምቻ የሚመቱ መሣሪያ) ናቸው። በመቶ የሚቆጠር ድምፅ ያላቸው ኪቦርዶች በዚሁ ዋጋ ይገኛሉና ቁጥሩ የሚያንስበት ሰው ይኖራል። እኔ ግን ማነሱን እንደ ጉድለት አላየሁትም፤ እያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ጠባይ ስላለው፣ ጠባዩን አውቆ የመረጠ ተማሪ ከእያንዳንዱ የተለየ ትምህርት ያገኛል። የግራንድ ፒያኖው ድምፅ ጣት በጠነከረ ቁጥር ይጎላል፣ በለሰለሰ ቁጥር ይሰክናል፤ ቁልፉ ተይዞ ቢቆይም ድምፁ ቀስ እያለ ይሞታል። ኦርጋኑ ደግሞ ጣት እስካልተነሳ ድረስ አይከስምም። በዚህ ምክንያት በፒያኖው ድምፅ ተሸፍኖ ያለፈው የጣት ስንፍና በኦርጋኑ ይጋለጣል፤ በወቅቱ ያልተነሳ ጣት ቀጣዩን ኖታ ሲያበላሸው ማንም ይሰማዋል። ልጄ በሳምንት አንድ ቀን ልምምዷን በኦርጋን ድምፅ እንድትደግመው ማድረጌ ከብዙ ምክር የበለጠ ጠቅሟታል። ስትሪንጉ ዘግየት ብሎ የሚነሳ ስለሆነ ለፈጣን ዜማ አይመችም።

በእኔ በኩል ልቤን የወሰደው የአገራችን ቅኝት በእነዚህ ድምፆች ሲሞከር ነው። አንድ ተማሪ ኖታ ሳያውቅ ትዝታን በፒያኖ ሊያገኝ ይችላል፦ ጥቁሮቹ ቁልፎች በሁለትና በሦስት ተቧድነው ተደርድረዋልና፣ ከሦስቱ ቡድን የመጀመሪያውን መነሻ አድርጎ አምስቱን ጥቁሮች በተከታታይ ወደ ላይ ቢጫወት ሜጀር የሚባለውን የትዝታ ዓይነት ያገኘዋል። ለዘፋኙ ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ያለ እንደሆነ፣ ጣት ከጥቁሮቹ ሳይወርድ መሣሪያውን ራሱን እስከ ስድስት ግማሽ ድምፅ ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ይህንኑ ትዝታ በሃርፕሲኮርድ ስጫወተው ጆሮዬ ወደ ክራር ሄደ። ነገሩ ምክንያት አለው፤ እውነተኛው ሃርፕሲኮርድ ጅማቱን በመዶሻ የሚመታ ሳይሆን ልክ እንደ ክራር የሚነጥቅ መሣሪያ ነው። ቫይብራፎኑም ሙላቱ አስታጥቄ ከኢትዮ ጃዝ ጋር ያስተዋወቀን መሣሪያ በመሆኑ፣ ፔዳሉን ረገጥ አድርጎ አንቺሆዬን በዝግታ ለሚጫወት ሰው የቆየ ወዳጅ ድምፅ ይሆንለታል። ማሲንቆ ከኖታ ወደ ኖታ የሚንሸራተትበትን ለዛ ግን ከየትኛውም ድምፅ አልጠበቅሁም፤ የፒያኖ ቁልፍ በሁለት ኖታዎች መካከል የሚያቆም ቦታ የለውም።

ሁለት ድምፆችን ደርቦ መጫወትም ይቻላል። ፒያኖና ስትሪንግ ሲደረቡ ደስ የሚል ሙላት ይገኛል፤ ነገር ግን መሣሪያው በአንድ ጊዜ ሊያሰማ የሚችለው 64 ኖታ በመሆኑ፣ ድርቡ ላይ ፔዳል ለረጅም ጊዜ ከተያዘ የቀደሙት ኖታዎች ቶሎ ይቆረጣሉ።

አብረውት የመጡት ሙዚቃዎች ሁለት ወገን ናቸው፦ አሥሩ የየድምፆቹን ጠባይ የሚያሳዩ አጫጭር ናሙናዎች ሲሆኑ፣ ሌሎቹ አሥር ለፒያኖ የተጻፉ ናቸው። የሚከፈቱትም በተኑን ይዞ የተመደበውን ቁልፍ በመንካት ነው። እነዚህ በሲዲ እንዳለው ያለ የተቀረጸ ድምፅ ሳይሆኑ፣ የትኛው ቁልፍ መቼና በምን ያህል ኃይል እንደተመታ የሚናገሩ ትእዛዞች ናቸው፤ ስለዚህ ተማሪ የሚሰማው ራሱ የተቀመጠበት መሣሪያ በሠለጠነ እጅ ሲጫወት ምን ሊል እንደሚችል ነው። ጥቅማቸውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ምሽት ላይ መብራቱን ቀነስ አድርገን አንዱን ሙዚቃ ሦስት ጊዜ እናዳምጣለን፤ በመጀመሪያው ዜማውን ብቻ፣ በሁለተኛው ግራ እጅ የሚሠራውን፣ በሦስተኛው ደግሞ ድምፁ የት ላይ እንደሚለሰልስ። ከወራት በኋላ ልጄ ሳትጠየቅ «እዚህ ጋ ፔዳሉን አንስቶታል» ማለት ጀመረች።

ጉድለታቸውን ግን አልሸሽግም። ከፍ ያሉት ሞዴሎች የቀኝና የግራ እጅን ለይተው ማሰማት ሲችሉ፣ የእኛው ሁለቱን አንድ ላይ እንጂ ለይቶ አያሰማም። ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ደግሞ ከሃያዎቹ አንድም የኢትዮጵያ ዜማ አለመኖሩ ነው። በ2015 ዓ.ም. ያረፉት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖን በአገራችን ዜማ ያናገሩ ሆነው ሳለ፣ አንድ የደብረ ብርሃን ልጅ ከፒያኖዋ የሚወጣው ሙዚቃ ሁሉ የአውሮፓ ብቻ ሆኖ ሲያገኛት ፒያኖ ለእኛ አልተሠራም ብላ እንዳታስብ እሰጋለሁ። ለዚህ ነው ጥቁሮቹን ቁልፎች በመጀመሪያው ሳምንት ያሳየኋት።

ለሰሜን ሸዋ ደጋ ነዋሪ የሚጠቅም ሌላም ነገር አለ። እውነተኛው የእንጨት ፒያኖ የአየሩ እርጥበት በተለዋወጠ ቁጥር ቅኝቱ ይላወሳል፤ ለመቃኘትም ባለሙያ ይፈልጋል። ዲጂታሉ ግን ክረምቱን ከነጉሙ፣ ጥቅምትና ኅዳርን ከነውርጩ አልፎ ቅኝቱ አልተነቃነቀም። ሆኖም በባትሪ ስለማይሠራ መብራት ሲጠፋ ልምምዱ ያበቃል፤ ሲመለስም መሣሪያው የተመረጠውን ድምፅ ረስቶ ወደ ግራንድ ፒያኖ ይመለሳል። ለሠላሳ ደቂቃ ካልተነካ ራሱን የሚያጠፋ በመሆኑ እንዳትደናገጡ፤ በስተግራ ጫፍ ያለውን የመጨረሻ ቁልፍ ይዞ ማብራት ይህን ልማዱን ያስቆመዋል።

ልትገዙ የምትሄዱ ከሆነ ሻጩ የሚያሰማችሁን ናሙና ብቻ ሰምታችሁ አትወስኑ፤ ናሙናው መቼም ቢሆን ያማረ ነው። ድምፁን እስከ ግማሽ ከፍ አድርጋችሁ ሁሉንም ቁልፎች ከዳር እስከ ዳር አንድ በአንድ ንኩ፤ በስተግራ ያሉት ጠንከር፣ በስተቀኝ ያሉት ቀለል ማለት አለባቸው። የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያው ትልቁ ዓይነት ስለሆነ፣ የስልክ ማዳመጫ የሚያስገባውን ትንሽ መቀየሪያ እዚያው ገዝታችሁ ተመለሱ። እኛ ስለዘነጋነው ጎረቤቶቻችን ለሦስት ሳምንት ያህል አብረውን ሲለማመዱ ከርመዋል።