8 ወር በኤግ ታምብለር እንቁላል ታቅፌ

እሺ፣ ይቺን ዕቃ ከገዛኋት 8 ወር ሆነኝ። ዕቃ በገዛህ ሳምንት ሁሉም ያምራል፣ ጉዱ የሚታየው ሲቆይ ነው ብዬ እስካሁን ዝም አልኩ። ኤግ ታምብለር ነው የምትባለው፣ የአኳሪየም አሳ እንቁላል ማስፈልፈያ ነች፣ ከዱባይ በሚመጣ ሰው ነው ያስላክኋት፣ ካርቶኗ ላይ የረባ ስም እንኳን የለም። ስታዩዋት ምንም አይደለችም፣ የውሃ ብርጭቆ የምታክል ግልጽ ፕላስቲክ ሆና ከስሯ ወንፊት፣ ጎኗ ላይ ደግሞ ቀጭን ቱቦ አላት፣ ከኤር ፓምፑ የሚመጣው አየር በቀጭኗ ቱቦ ሽቅብ ሲወጣ ውሃውን እየጎተተ ይወጣል፣ በሱ ፋንታ ሌላ ውሃ በስር በወንፊቱ ይገባና እንቁላሎቹን ቀስ እያለ ያንከባልላቸዋል። በቃ ይሄው ነው።

ለምን ገዛሁ? ቤቴ ያሉት ኤሌክትሪክ የሎው የሚባሉ ቢጫ አሳዎች ናቸው፣ ሲክሊድ ከሚባለው የማላዊ ሐይቅ አሳ ዘር። የምኖረው አቃቂ ስለሆነ የጉድጓድ ውሃ ነው የሚደርሰን፣ ማንቆርቆሪያው ላይ ነጭ ነገር የሚጋግረው ውሃ፣ እኛን ያማርረናል እነሱ ግን እንዲህ ዓይነት ውሃ ነው የሚወዱት። ሴቷ ልክ እንደኛ ቆሮሶ አሳ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትፈለፍለው፣ 3 ሳምንት ገደማ ትይዛለች፣ ያን ሁሉ ጊዜ ምግብ የለም ማለት ይቻላል። ዝም ብላም አትይዝም፣ ጉንጯን እያንቀሳቀሰች ታገላብጣቸዋለች፣ እንቁላል አንድ ቦታ ከተኛ አየር ያጥረውና ይሻግታላ። የኔዋ ግን ጀማሪ እናት ሆነችብኝ። ማታ ጉንጯ ተነፍቶ አይቼ ደስ ብሎኝ እተኛለሁ፣ ጠዋት ጉንጭ የለም። ውጣቸዋለች። 2 ጊዜ እንዲህ ስታደርገኝ ነው ወደ ታምብለር የሄድኩት።

የመጀመሪያው ዙር ውርደት ነበር። በ3ኛው ቀን አፏን በቀስታ ከፍቼ፣ ከራሱ ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ውስጥ ጭንቅላቷን ወደ ታች አድርጌ 22 እንቁላል አወጣሁ። ከዛ አየሩን ከፈትኩ፣ እንቁላሎቹ እንደሚፈላ ሽሮ ይዘላሉ፣ እኔ ደግሞ «ወይ ጉድ ይሰራል!» እያልኩ ቪዲዮ እቀርጻለሁ። ለካ እየገደልኳቸው ነው። 3 ብቻ ተረፉ። መዝለል የለባቸውም፣ ከስር ትንሽ ከፍ ብለው ተንከባለው መመለስ ነው ያለባቸው፣ አይታችሁ «ይሄ እንዴት ይበቃል» የሚያሰኝ ያህል ቀስ ማለት አለበት። ችግሩ አብሯት የመጣችው የአየር መቆጣጠሪያ ቫልቭ ነች። ወይ ሙሉ ትከፍታለች ወይ ትዘጋለች፣ መሀል የሚባል አታውቅም። ጥላችሁ ሌላ ግዙ፣ የብረቱን፣ እኔ ከቀየርኩ በኋላ ነው ሰላም ያገኘሁት።

ሁለተኛው ዙር ላይ ደግሞ መብራት ሄደ። መቼም ይሄን ዕቃ የሰራው ሰው መብራት እንደሚጠፋ አላሰበም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የፓምፑ ድምፅ ሲቋረጥ ነው የነቃሁት፣ እንቁላሎቹ ወንፊቱ ላይ ተኝተዋል፣ ምን ላድርግ፣ የመርፌ ሲሪንጅ ፈልጌ ውሃ እየሳብኩ ከስር ቀስ እያልኩ ስገፋላቸው አነጋሁ። ባለቤቴ ጠዋት ቡና ስታፈላ «አንተ ዘንድሮ እንቁላል መታቀፍ ጀመርክ?» ብላ ለጎረቤት ሁሉ አወራችው። ከ19ኙ 11 ተረፉልኝ። በማግስቱ በፓወር ባንክ የምትሰራ ትንሽ ኤር ፓምፕ ገዛሁ፣ እና እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከታምብለሯ ይልቅ ልጆቹን ያዳነችልኝ እሷ ነች።

ሻጋታውን በተመለከተ፣ ነጭ የሆነ እንቁላል ሞቷል፣ ይነቃል እያላችሁ አትጠብቁ፣ ቶሎ በጠብታ መሳቢያ አውጡት፣ ካልሆነ ጥጥ ያበቅልና ጤነኛውን ይይዛል። ሜቲሊን ብሉ የሚባለው ሰማያዊ የሻጋታ መድኃኒት ይረዳል ግን ታምብለሯን ዋናው አኳሪየም ውስጥ ሰቅላችሁ እንዳትጨምሩ፣ መድኃኒቱ በወንፊቱ ወጥቶ ፊልተሩ ውስጥ ያለውን ጠቃሚ ባክቴሪያ ይጨርስባችኋል። እኔ 10 ሊትር ባልዲ ውስጥ ሂተር ከትቼ በ26 ዲግሪ ለብቻ ነው የማደርገው። ልብስም እንዳይነካችሁ፣ አንድ ነጭ ጋቢ ላይ ፈሶብኝ እስካሁን ይወራብኛል።

ግድግዳ ላይ የምትለጥፋት ሳክሽን ካፕ በ4ኛው ወር ደርቃ አልይዝም አለች፣ አሁን በክር ነው ያሰርኳት። ወንፊቱ ግን ጎበዝ ነው፣ በድሮ የጥርስ ብሩሽ ሳሸው ይጠራል፣ አልተቀደደም። ፕላስቲኩ ትንሽ ደብዝዟል፣ ምንም አይል።

ደግሞ ሰው ሁሉ ለኤንጅል ፊሽ ይሆናል ወይ ይለኛል። አይሆንም። የኤንጅል እንቁላል ቅጠል ላይ ወይ መስታወቱ ላይ ይጣበቃል፣ እሱን ፍቆ ማንከባለል ማበላሸት ነው፣ ከነቅጠሉ አውጥቶ አጠገቡ ኤር ስቶን፣ ማለትም ከፓምፑ የሚመጣውን አየር በትንንሽ አረፋ የሚያወጣ ድንጋይ፣ ማድረግ ይሻላል።

አሁን 5 ዙር ሰርቻለሁ። የመጨረሻዎቹን 2 ዙሮች ግን በ14ኛው ቀን ነው ያወጣኋቸው፣ ያኔ እንቁላል አይደሉም፣ ሆዳቸው ላይ አስኳል ያንጠለጠሉ ጭራ ያላቸው ነገሮች ናቸው፣ ከ18 17ቱ አደጉ። እዚህ ጋ ነው የገባኝ፣ እናትየዋ 2 ሳምንት ከያዘችልህ ታምብለርም አያስፈልግህም፣ ተራ የመረብ ሳጥን ይበቃል። ይቺ ዕቃ የምትጠቅመው እናትየዋ ቶሎ የምትውጥ ወይም የምትተፋ ከሆነች ነው። ለኔ በጊዜው ጠቅማኛለች፣ ቫልቩን ግን አልረሳላትም።

ያቺ ጀማሪ እናት ይሄው ሰሞኑን እንደገና ጉንጯን ነፍታለች፣ ዛሬ 9ኛ ቀኗ ነው፣ ምግብ ስጥል ዞር ትላለች። ታምብለሯን አጥቤ መደርደሪያው ላይ አስቀምጫለሁ፣ እስካሁን አልነካኋትም።