የካ አባዶ ያሉ አንድ ደላላ ላመሰግን ነው

ደላላን አመስግኖ የሚጽፍ ሰው ብዙም አይገጥማችሁም። ከጥቂት ወራት በፊት ቢሆን እኔም አልጽፍም ነበር። የኚህን ሰው ውለታ ግን ዝም ብዬ ባልፈው ይከነክነኛል።

መገናኛ አካባቢ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነኝ። ሐምሌ ላይ የነበርኩበት ግቢ አከራይ «ልጄ ሊመጣ ስለሆነ በዚህ ወር ልቀቂ» አሉኝ። ለኪራይ ማውጣት የምችለው 7 ሺህ ብር ነበር፤ ከዚያ ካለፈ ለእናቴ የምልከው ይቀራል። በዚህ ብር ቦሌና ገርጂ እንደማይታሰብ የአዲስ አበባ ተከራይ ሁሉ ያውቀዋል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሥራ በኋላ ዞርኩ። ለማሳያ ብቻ 200፣ 300 ብር ተቀብለው ቀድሞ የተያዘ ቤት ያሳዩኝ አሉ። አንድ ቦታ ደግሞ ቤቱን ወድጄው የስድስት ወር ቅድሚያ ተጠየቅኩ። 42 ሺህ ብር በአንዴ ከየት ላምጣ? የዚያን ቀን ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ።

ከጋሼ ጋር ያገናኘችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። (ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ እንዲሁ ጋሼ ልበላቸው።) ስንገናኝ የብሩን ነገር ገና ሳያነሱ «ማታ ከሥራ ስንት ሰዓት ትወጫለሽ?» አሉኝ። ሁለት ሰዓት ተኩል ስላቸው ሊያሳዩኝ ካሰቧቸው ቤቶች ሁለቱን እዚያው ተዉአቸው፤ ከታክሲ መውረጃው እስከ ብሎኮቹ ያለው መንገድ ጨለማ ነው ብለው።

መጀመሪያ ያየነው ስቱዲዮ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ኪራዩ 6 ሺህ 500፣ ግድግዳው አዲስ ቀለም የተቀባ። እኔ ልቤ ገብቶበት አልጋዬን የት እንደማደርግ እያሰብኩ ሳለ ጋሼ መታጠቢያ ቤቱን የሚዋሰነው ግድግዳ ሥር ቁጢጥ አሉና በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት። ቀለሙ እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰነጠቀ፤ ከሥሩ እርጥብ ልስን ፍርፍር ብሎ ወለሉ ላይ ወረደ። ጣታቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ወደ በረንዳ ወጡ። ፊት ለፊት ያሉትን በረንዳዎች በእጃቸው አሳዩኝ፤ በየአንዳንዱ ላይ ሦስት አራት በርሜል ተደርድሯል። «አየሽ ልጄ፣ እንዲህ በርሜል የበዛበት ብሎክ ውሃ በፈረቃም በወጉ አይደርሰውም» አሉኝ። በዚያ አላበቁም፤ ወርደው ደጁ ላይ ጉሊት የምትቸረችረዋን ሴት ጠየቋት። በሳምንት አንዴ፣ እሱም ሌሊት አለቻቸው። ቤቱን ብይዘው ኖሮ ኮሚሽናቸውን በዕለቱ ይቀበሉ ነበር። «ይሄን አትያዥ» ብለው ታክሲ አሳፈሩኝ።

በአራተኛው ቀን ደወሉልኝ። ያሳዩኝ አሁን የምኖርበትን ቤት ነው። 7 ሺህ ብር፣ አራተኛ ፎቅ። ዋጋው ለአቅሜ የሆነው በደረጃው የተነሳ ነው፤ ውሃ ይዞ መውጣት ቢኖርበት ኖሮ እኔም አልችለውም ነበር። ብሎኩ ግን የጋራ ሮቶ አለው። ቆጣሪውም የብቻዬ ነው። በፊት የነበርኩበት ግቢ ስድስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ስለምንጠቀም በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ የሚጋግረውም እንደኔ ሻይ ብቻ የሚያፈላውም እኩል ነበር የሚያዋጣው። ጋሼ ቁልፍ ሳልቀበል በፊት የመጨረሻውን የውሃና የመብራት ደረሰኝ አስመጥተው ዕዳ አለመኖሩን ራሴ እንዳይ አደረጉኝ።

አከራዬ መልካም ሴት ናቸው፤ ግን እሳቸውም ስድስት ወር ጠየቁ። ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እትዬ፣ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መቀበል በአዋጅ ተከልክሏል፤ ወረዳ ስንሄድ እርስዎኑ ያስቸግርዎታል» አሏቸው። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መውጣቱን ሰምቼ ነበር እንጂ ምን እንደሚል አላውቅም ነበር። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ቢያንስ ለሁለት ዓመት መሆን አለበት፤ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ ኪራዩ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል፤ ጭማሪ ቢኖር በዓመት አንድ ጊዜ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል ይፋ በሚያደርገው መጠን ነው። ይህን ሁሉ ደረጃው ላይ ቆመን ለሁለታችንም አስረዱን። በማግስቱ ሦስታችንም ወረዳ ሄደን ውሉን አስመዘገብን። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ጋሼ እስከ መጨረሻው አብረውን ተቀመጡ። የሁለት ወር ቅድሚያ 14 ሺህ ብር ከፍዬ ገባሁ። ለእሳቸው የከፈልኩት መጀመሪያ የተስማማነውን ብቻ ነው።

ዕቃ ያጓጓዝኩ ቀን ጫኝና አውራጆቹ ለአንድ አልጋ፣ ለአንድ ቁም ሣጥንና ለጥቂት ካርቶን ከበድ ያለ ዋጋ ሲጠሩብኝም ማንም ሳይጠራቸው መጥተው አስማሙኝ። ያን ቀን እንኳ ግዴታ አልነበረባቸውም።

ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን እንደሚያነብልዎ ነግረውኛል። እግዜር ይስጥልኝ። እናቴም መጥታ ቤቱን አይታ መርቃዎታለች፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ ብላለች።

ቤት ለምትፈልጉ፣ በተለይ ለብቻችሁ ለምትኖሩ ሴቶች፣ ስልካቸውን በውስጥ መስመር እሰጣችኋለሁ። የሚሠሩት የካ አባዶና አያት አካባቢ ብቻ ነው። በሁለት ቀን ቤት አግኙልኝ ለሚል ሰው አይሆኑም፤ ሳያዩ አያሳዩም፣ ቀስ ይላሉ። የምትችሉትን ዋጋ ሳትደብቁ ንገሯቸው፤ ከዚያ በላይ የሆነ ቤት አያሳዩአችሁም። እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስለሚሆኑ ከስድስት ሰዓት በኋላ ደውሉላቸው።