ሴት ጋዜጠኛ ከሆንሽ ይህን ማኅበር እወቂው

ይህን የምጽፈው ለማመስገንም ለመጠቆምም ነው። ምስጋናው ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሙያ ሴቶች ማኅበር ይድረስ። ጥቆማው ደግሞ በኤፍኤም፣ በጋዜጣ፣ በቴሌቪዥን፣ አሁን አሁን በዩቲዩብም ለምትሠሩ እህቶቼ ነው። በተለይ ከዩኒቨርሲቲ ወጥታችሁ "ለጊዜው ፍሪላንስ ነሽ" እየተባላችሁ ያለ ውል ለምትባዝኑት።

ማኅበሩ ትናንት የተቋቋመ አይደለም። ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስሙን የሰማ ሰው ሁሉ ግን ማርች 8 ሲደርስ ቲሸርት ለብሶ ፎቶ የሚነሳ ስብስብ አድርጎ ይስለዋል። እኔን የጠቀመኝ የአዳራሹ ስብሰባ አይደለም። ሰርተፍኬቱም ቢሆን ፋይል ውስጥ ተቀምጧል፤ እስካሁን የጠየቀኝ የለም። የጠቀመኝ ሰው ማግኘቴ ነው።

ጀማሪዋን ከነባር ጋዜጠኛ ጋር ያገናኛሉ። ሜንተርሺፕ የሚባለው ነው። ለእኔ የደረሱኝ ሴትዮ ዕድሜያቸውን ሬዲዮ ውስጥ የጨረሱ ናቸው። ስማቸውን እንዳልጠቅስ አስጠንቅቀውኛል። "ምን ውለታ ሠራሁና ነው?" ነው መልሳቸው።

አንዱን ልንገራችሁ። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ሁሉም ጣቢያ ስለ ዋጋ ያወራ ነበር። እኔ ያን ጊዜ የተመደብኩት መዝናኛ ላይ ነው። ሴት ስለሆንኩ መሰለኝ፣ ከመዝናኛና ከሴቶችና ሕፃናት ፕሮግራም ውጪ የሚያስበኝ አልነበረም። እንደ ምንም ለምኜ የዋጋ ንረት ዘገባ ተሰጠኝ። ስክሪፕቱን ጽፌ ላኩላቸው። ደወሉና "ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ" አሉ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር "የዘርፉ ባለሙያዎች እንደገለጹት" ብሎ ይጀምርና ሦስት መስመር ይሄዳል። ሳልጨርሰው አስቆሙኝ።

"ትንፋሽሽ አለቀ አይደል? የሰሚውም ጆሮ እዚያው ነው ያለቀው።"

ቀጥለው "ስንት ሰው አነጋገርሽ?" አሉኝ። አራት አልኳቸው። "ሴት ስንት አለች?" አንድም የለችም። "ታዲያ ቤት ውስጥ ዘይት አለቀ ብሎ የሚጨነቀው ማነው?" ብለው ስልኩን ዘጉ። ሰላምታ የላቸውም፣ እንዲያው ነው አመላቸው።

በማግስቱ ሾላ ገበያ ሄድኩ። አንዲት ባለ ሱቅ ሴት "የአምስት ሊትሩን የሚገዛኝ ጠፋ፤ አሁን በብርጭቆ እየለካሁ ነው የምሸጠው" አለችኝ። ከኋላ ዘይቱ ወደ ብርጭቆ ሲንቆረቆር ይሰማል። ዘገባው በዚያ ድምፅ ተጀመረ። የኢኮኖሚ ባለሙያው ወደ ሦስተኛው ደቂቃ ወረዱ። አለቃዬ ምንም ሳይቆርጥ አሳለፈው፤ ከዚያ ወዲህ የገበያ ዘገባ ሲኖር እኔን መፈለግ ጀመረ።

ነገሩ የእኔ ብቻ ችግር አይደለም። በየአምስት ዓመቱ በብዙ አገሮች የሚካሄድ የዓለም አቀፍ ሚዲያ ክትትል ፕሮጀክት አለ። በ1995 እ.ኤ.አ. ሲጀመር በዜና ውስጥ ከሚነገርላቸውና ከሚናገሩት ሰዎች ሴቶች 17 ከመቶ ነበሩ። በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ 25 ከመቶ ደረሱ። ሩብ ለመሙላት ሃያ አምስት ዓመት! አሁን ስክሪፕት ስጨርስ መጀመሪያ የማየው ማን እንደተናገረ ነው።

ሁለተኛው ነገር ሕግ ነው። ጋዜጠኛ ስለ ሰው መብት ሲዘግብ ይውልና የራሱን ውል አያነብም። አንድ ጓደኛችን አረገዘች። የምትሠራበት ቦታ ስሙ ይቅርና፣ "ከወለድሽ በኋላ እንነጋገራለን" ተባለች። ትርጉሙ ይገባችኋል። ከማኅበሩ ያገኘናት አንዲት እህት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011ን በስልኳ ከፍታ ቁጭ አደረገችን። ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፣ ሁለቱም ከነደመወዙ። በእርግዝና ላይ እያለችና ከወለደች በኋላ ባሉት አራት ወራት ውስጥ እንዲያው በዘፈቀደ ማሰናበትም አይቻልም። ጓደኛችን አንቀጾቹን ጠቅሳ አንድ ገጽ ደብዳቤ አስገባች። ጭቅጭቅ አልነበረም። ዝም ብለው ፈቃዷን ፈረሙላት።

ሦስተኛውን በአጭሩ ልለፈው፣ ማስታወሱም ደስ አይለኝም። ከአንድ ዘገባ በኋላ ፎቶዬና ስልክ ቁጥሬ ቴሌግራም ላይ ተለቀቀ። የሚደውለው፣ የሚሳደበው፣ የሚዝተው ብዛቱ! የመጣልኝን መልእክት ሁሉ ላጠፋው ስል አንዷ የማኅበሩ አባል "እንዳትነኪው!" አለችኝ። መጀመሪያ ስክሪንሾት፣ ቀኑና የላኪው ስም የሚታይበት። ከዚያ ብሎክ። ከዚያ ቴሌግራሙንም ፌስቡኩንም በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ መቆለፍ፣ ስልክ ቁጥሩን ከሰው ዓይን መደበቅ። በኮምፒውተር ማስፈራራት በአዋጅ 958/2008 ወንጀል መሆኑን የነገረችኝም እሷ ናት። ያን ማታ ስልክ ያነሱልኝ ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

የቆዩት አባላት ሲያወሩ ደግሞ እንዴት እንደቆዩ ይገርመኛል። በ2001 የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ፣ መብት ላይ መሥራት የሚፈልግ የአገር ውስጥ ማኅበር ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከገቢው 10 ከመቶ እንዳይበልጥ አድርጎ ነበር። አዋጅ 1113/2011 እስኪተካው አሥር ዓመት ብዙ ማኅበራት ወይ ስማቸውን ቀይረዋል፣ ወይ ሥራቸውን አጥብበዋል፣ ወይ በራቸውን ዘግተዋል። የእኛዎቹ ዛሬም አሉ። አንዷ "ምን እናድርግ፣ ልጆቹን የት እንጣላቸው?" ስትል ሰምቻታለሁ። ልጆቹ እኛ ነን።

አሁን ወደ ጥቆማው። ችግር እስኪመጣ አትጠብቂ። መሥሪያ ቤትሽ ውስጥ አባል የሆነች ሴት ካለች ጠይቂያት፣ ታስገባሻለች። ከገባሽ በኋላ ዝም ብለሽ ሥልጠና አትጠብቂ። የሠራሽውን ይዘሽ ሂጂና "አንብቡልኝ" በይ። ይተቹሻል፤ ለዚያ ተዘጋጂ። ክልል ላይ ላላችሁት ነገሩ እንደ አዲስ አበባው ቅርብ አይደለም፣ አውቃለሁ። የእኔ ሴትዮ ግን ስክሪፕቴን ያቃኑት በስልክ ነው፤ ባሕር ዳርም ጂግጂጋም ሆነሽ ይሠራል። ማኅበሩም በዚህ በኩል ቢበረታ ደስ ይለኛል።

ለወንድ አለቆች ደግሞ አንዲት ነገር። የማኅበሩ የሥልጠና ጥሪ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ መሳቢያ ውስጥ አታሳድሩት፤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፉልን፣ ማን እንደምትሄድ እኛው እንነጋገራለን።