አርድሞር ሌጋሲ፦ ጭሱ ለዘብ ያለ ውስኪ ለደሴ ብርድ

አርድሞር ሌጋሲ ጥሩ ውስኪ ነው። ካሉት ሁሉ ምርጡ አልለውም። ግን ጭስ ያለው ሲንግል ሞልት ቀምሶ ለማያውቅ ሰው ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም፣ በተለይ ጠላ እየጠጣ ላደገ የወሎ ሰው።

ጠርሙሱን ያመጣልኝ ከውጭ የመጣው የአጎቴ ልጅ ነው። ደሴ ላይ ፈልጌ አላገኘሁትም። ፒያሳ አካባቢ ባየኋቸው መደርደሪያዎች ላይ በብዛት ያለው ብሌንድ ነው፤ ከተለያዩ ፋብሪካዎች የወጣ የብቅል ውስኪ ከሌላ እህል ውስኪ ጋር ተደባልቆ የሚሠራው ማለቴ ነው። ሲንግል ሞልት ግን ከአንድ ፋብሪካ ብቻ ነው የሚወጣው፣ እህሉም የገብስ ብቅል ብቻ ነው። አርድሞር ስኮች ማለትም የስኮትላንድ ውስኪ ነው፤ ስኮች ደግሞ እዚያው ስኮትላንድ ውስጥ በኦክ በርሜል ቢያንስ 3 ዓመት መቆየት አለበት። አልኮሉ ከ40 በመቶ በታች ከሆነም ስኮች ተብሎ አይሸጥም።

ፋብሪካው ያለው አበርዲንሺር ውስጥ፣ ኬኔትሞንት በምትባል መንደር ነው፣ ሀይላንድስ በሚሉት በደጋው ክፍል። እ.ኤ.አ. በ1898 ያቋቋመው አዳም ቲቸር ነው። አዎ፣ የቲቸርስ ውስኪ ቤተሰብ። ያቋቋመውም ለዚያ ብሌንድ የሚሆን ጭስ ያለው ብቅል ውስኪ እንዲያወጣለት ነው። ስለዚህ ቲቸርስ የጠጣችሁ ሰዎች አርድሞርን ስሙን ሳታውቁት ቀምሳችሁታል።

አሁን ወደ ጭሱ እንምጣ፣ ዋናው ነገር እሱ ነው። ገብስ ከበቀለ በኋላ መድረቅ አለበት። እኛ ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን። እነሱ ጋ ፀሐዩም እንደኛ አይደለም፣ እንጨቱም በብዙ ቦታ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ስለዚህ ፒት ያነዱ ነበር። ፒት ማለት ረግረግ መሬት ውስጥ ለሺህ ዓመታት ሲጠራቀም የኖረ የሣርና የሌላ ረግረግ እፅዋት ቅሪት ሲሆን፣ በአካፋ ተቆርጦ ይደርቅና ማገዶ ይሆናል። ጭሱ እርጥቡ ብቅል ውስጥ ይገባና እዚያው ይቀራል። ዘመኑ ሲለወጥ በዋናው ምድር ያሉት አብዛኞቹ ፋብሪካዎች ይህን ተዉት፤ አርድሞር ግን አልተወም፣ እኔም ይህን ቤት የምወደው በዚህ ነው።

የጭሱ መጠን የሚለካው ፌኖል በሚባል ንጥረ ነገር ነው። የአርድሞር ጭስ ያለው ብቅል ከሚሊዮን ክፍል 12 እስከ 14 ያህል አለው። አርድቤግ የሚባለው የአይላ ደሴት ውስኪ ወደ 55 ይደርሳል። ቁጥሩ ግን የሚለካው ብቅሉ ላይ ነው፣ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ላይ አይደለም፤ ሲፈላና እንደ አረቄ ተንኖ ሲወጣ ብዙው ይጠፋል። ሌጋሲ ላይ ደግሞ ይበልጥ አለዝበውታል። 80 በመቶው ብቅል ጭስ ያለው ነው፣ 20 በመቶው ያለ ጭስ የደረቀ።

እንዲህ ሆኖ ምን ይመስላል? በወይራ በደንብ በታጠነ እንስራ የተጠመቀ ጠላ ታውቃላችሁ። ጭሱ ቀድሞ አፍንጫ ላይ አይመታም። መጀመሪያ ጠላውን ትጠጣላችሁ፣ ትውጣላችሁ፣ ከዚያ ትንፋሽ ስታወጡ ወይራው ከጉሮሮ ተመልሶ ይመጣል። አርድሞርም አካሄዱ ይሄው ነው። ጎረቤቴን ጋሼን ምንም ሳልነግራቸው ትንሽ ቀዳሁላቸው። ቀመሱና ትንሽ ዝም ብለው “ይሄ ታጥኗል” አሉ። ውስኪ የሚወዱ ሰው አይደሉም፣ ግን ጭሱን ወዲያው አወቁት። ልዩነቱ፣ የኛ ጭስ እንስራው ላይ ነው ያለው፣ የነሱ እህሉ ውስጥ። በርሜል ውስጥ ያን ሁሉ ዓመት ቆይቶ የማይጠፋውም ለዚህ ነው።

ስታሸቱት በቅድሚያ የሚመጣው ማር ነው፣ ቀጥሎ ቫኒላ፣ የፖም ልጣጭ፣ ትንሽ ቀረፋ። ጭሱ ከስር አለ፤ የደረቀ እንጨት እና የቀዘቀዘ አመድ ጭስ ነው። የአይላ ውስኪዎች ላይ የሚገኘው የመድኃኒትና የባህር ሽታ እዚህ የለም፣ እሱን የሚፈራ ሰው አይስጋ። አፍ ላይ ለስላሳ ነው፣ ማሩ ይቀጥላል፣ መሃል ላይ ዝንጅብል የመሰለ ቆንጠጥ የሚያደርግ ነገር ይመጣል፣ ከዚያ ጭሱ ጉሮሮ ላይ ደረቅ ሆኖ ይቀራል።

ችግሩም እዚሁ ነው። አልኮሉ 40 በመቶ ነው፣ እና ያሳሳዋል። ሽታው የገባውን ቃል አፍ ላይ ሙሉ በሙሉ አያደርስም። አፍንጫ ላይ ወፍራም የነበረው ነገር ምላስ ላይ ይቀጥናል፣ ጭሱም ገና ሲጥማችሁ ይሄዳል። ይህ ቤት ትራዲሽናል ካስክ የሚል 46 በመቶ የሆነ ውስኪ ነበረው። ይሄኛውም ወደዚያ ቢጠጋ እንዴት ያለ ውስኪ ይሆን ነበር! ጠርሙሱ ላይ ዕድሜ አልተጻፈም። እሱ እንኳን አያስከፋኝም።

አጠጣጡ ላይ ግን ጥብቅ ነኝ። ኮካ አትጨምሩበት። በረዶም አታድርጉበት፣ ቅዝቃዜ ጭሱን ይዘጋዋል፣ ቀድሞውንም ቀጭን የሆነውን የባሰ ውሃ ያደርገዋል። ጥቂት ጠብታ ውሃ ይበቃል፣ ማሩ ከፍ ይላል። መለኪያ ላይ ቀድታችሁ ቸብ የምታደርጉት ነገርም አይደለም፤ አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ፈልጉ፣ በመዳፋችሁ ያዙት፣ ቆዩበት። ደሴ ላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ነን፣ በታኅሣሥ ማታ የጦሳ ተራራ ብርድ ሲወርድ ውስኪውም ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ የእጅ ሙቀት የግድ ያስፈልገዋል። ይህንኑ ጠርሙስ ኮምቦልቻ እህቴ ቤት በቀን ሙቀት ስንከፍተው ሌላ ሰው ሆነ። አልኮሉ ቀድሞ ወጣ፣ ጭሱ ከኋላ ቀረ። እኔ ለማታና ለብርድ ነው የምለው።

ከምግብ ጋር ከሞከርኳቸው ሁሉ የገብስ ቆሎ ይበልጣል። እህሉ ያው ገብስ ነው፣ ቁላቱ ከጭሱ ጋር ይገጥማል፣ ሲታኘክ የሚመጣው ጣፋጭነት ደግሞ ያ አፍ ላይ የሳሳውን ነገር ትንሽ ይሞላዋል። ለውዝ ቢቀላቀልበትም ጥሩ ነው። ጥብስ በአዋዜ ከበላችሁ ግን ጠርሙሱን አትክፈቱት፣ በርበሬው ሁሉንም ይሸፍነዋል።

ዋጋው ከተለመደው ብሌንድ ይበልጣል፣ ከሌሎች ሲንግል ሞልቶች ጋር ሲነጻጸር ግን ከወደዱት ወገን አይደለም። ለስጦታ ይሆናል። ለሠርግ ጠረጴዛ አይሆንም፣ እዚያ ማን ያሸተዋል። ጠንካራ ጭስ የለመደ ሰው ይሄን ቢገዛ ያዝናል፣ እሱ ወደ አይላ ይሂድ። አዲስ ጀማሪ ከሆናችሁ ግን፣ ውጭ ያለ ዘመዳችሁ “ምን ላምጣልህ?” ሲል ስሙን ጽፋችሁ ላኩለት፣ 46 በመቶ የሆነውን ካገኘ ደግሞ እሱን ያስቀድም።