ለሆድ ቆዳ ቀዶ ጥገና አዲስ አበባ ላይ መማከር፦ የቱ አገልግሎት ያረካል፣ የቱ ይጎድላል

ከወሊድ ወይም ከክብደት መቀነስ በኋላ የላላ የሆድ ቆዳን ለማስወገድ (ብዙው ሰው «ተሚ ተክ» ይለዋል) ውጭ አገር የሚኖሩ ሰዎች ለእረፍት ሲመጡ አዲስ አበባ ውስጥ ሐኪም ማማከር ተለምዷል። ከተጠቀምኩባቸው የግል ክሊኒኮች አገልግሎት የሚያረካው ሐኪሙ የሚሰጠው ጊዜ ነው፤ ሳይቸኩል ይዳስሳል፣ ይጠይቃል። የሚጎድለው ወረቀቱና ከቀዶ ጥገናው በኋላ ያለው ክትትል ነው። እነዚህን ካልጠየቁ አያገኟቸውም።

ቀጠሮ ላይ «3 ሰዓት» ማለት የሀገር ቤቱ 3 ሰዓት ነው። ካርድ ክፍል ውስጥ የልደት ቀን ሲመዘገብ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ይመልከቱ፤ የ7 ወይም የ8 ዓመት ስህተት ማደንዘዣ ሰጪው የሚያየውን ዕድሜ ያዛባል።

ሐኪሙ የፕላስቲክ ሰርጀሪ ስፔሻሊስት መሆኑን ይጠይቁ። ሀገር ቤት ይህ ሙያ ያደገው በቃጠሎ፣ በከንፈር መሰንጠቅና በአደጋ ጉዳት ላይ ነው፤ የካቲት 12 ሆስፒታልና አለርት በዚህ ይታወቃሉ። ስለዚህ የሠለጠነ እጅ አይጠፋም። ዋናው ነገር ሐኪሙ ይህንኑ የሆድ ሥራ ምን ያህል ጊዜ እንደሠራና ቁስሉ ቢበላሽ ማን እንደሚከታተል ነው። በዚህ ጥያቄ የሚከፋ ሐኪም ካለ ሌላ መፈለግ ነው።

ምክክሩን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ የተደበቀ መድኃኒት ነው። የሚወስዱትን ሁሉ ከነመጠኑ ጽፈው ይሂዱ። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርጉ ብዙ ሐኪሞች ከ7 እስከ 10 ቀን አስቀድመው ያስቆማሉ፤ አስፕሪኑ ለልብ የታዘዘ ከሆነ ግን በራስ ፈቃድ አይቆምም። የዓሣ ዘይት፣ ቫይታሚን ኢ፣ የነጭ ሽንኩርት እንክብልና የጥቁር አዝሙድ ዘይት «የባህል ነው» ተብለው አይታለፉ። ኤስትሮጅን የተባለ ሆርሞን ያለው የወሊድ መከላከያ ክኒን ደም ስር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋን ይጨምራል። ለስኳርና ክብደት ለመቀነስ የሚወሰዱ እንደ ኦዜምፒክ ያሉ መርፌዎች የጨጓራን ሥራ ስለሚያዘገዩ ጾሞ የገባ ሰው እንኳ ምግብ በሆዱ ሊቀር ይችላል፤ ማደንዘዣ ሰጪው ይህን ሳያውቅ ካስተኛ ትውኪያ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ጫትም መጠቀስ አለበት፤ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል።

ሲጋራና ሺሻ ላይ ድርድር የለም፦ ቢያንስ 4 ሳምንት በፊት፣ 4 ሳምንት በኋላ። በዚህ ቀዶ ጥገና የሆድ ቆዳ ከሥሩ ተነጥሎ ወደ ታች ስለሚሳብ ደም የሚደርሰው በጥቂት መንገድ ብቻ ነው። ኒኮቲን እነዚያኑ ያጠብባቸዋል፤ ከእምብርት በታች መሃል ላይ ያለው ቆዳ ሊጠቁርና ሊሞት ይችላል።

ለምርመራው ሁለት ክፍል የሆነ ልብስ ይልበሱ። ቆመው፣ ተቀምጠውና ተኝተው ይታያሉ፤ ተኝተው ራስዎን ቀና ሲያደርጉ መሃል ላይ ጉብታ ከወጣ የጡንቻ መራራቅ ወይም እበጥ (ሄርኒያ፣ ማለትም አንጀት በሆድ ግድግዳ ክፍተት መውጣት) ሊኖር ስለሚችል አልትራሳውንድ ያስፈልጋል። እበጥ እያለ ስብ በቱቦ መምጠጥ አንጀት ሊወጋ ይችላል። የድሮ የቀዶ ወሊድ ጠባሳዎን ያሳዩ፤ ወፍራም ሆኖ ከመስመሩ ከወጣ ኬሎይድ ነው፣ አዲሱም ጠባሳ እንዲሁ ሊሆን ይችላል። ገና ልጅ የሚያስቡ ከሆነ ይቆይ። ክብደትም ለ6 ወር ያህል ሳይዋዥቅ የቆየ ቢሆን ይመረጣል።

ላብራቶሪው ፈጣን ነው፤ ምስጋና የሚገባውም እሱ ነው። የደም ቆጠራ፣ ስኳር፣ ኩላሊት፣ የደም መርጋት ምርመራ፣ ሄፓታይተስ፣ ኤችአይቪ እና የእርግዝና ምርመራ ይታዘዛሉ። በሁዳዴ መጨረሻ የሚመጣ ጿሚ ፕሮቲኑና ብረቱ ቀንሶ ሊገኝ ይችላል፤ ይህ ደግሞ የቁስልን መዳን ያዘገያል። ውጤቱን ከነማህተሙ ይቀበሉ።

ዋጋው በቃል ከተነገረ ዋጋ አይደለም። ማደንዘዣ፣ አልጋ፣ ፈሳሽ ማውጫ ቱቦ፣ ሆድ የሚይዘው የሕክምና ልብስ፣ መድኃኒትና የፋሻ ቅያሪ ተካተዋል ወይ ብለው በጽሑፍ ይውሰዱ። ሌሊት ደም ቢያስፈልግ ወይም ጽኑ ሕሙማን ክፍል ቢያሻ ወዴት እንደሚወሰዱም ያስጽፉ። በምርመራው ክፍል ፎቶ ሲነሱ ለፌስቡክና ለቲክቶክ እንደማይውል ይስማሙ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በሚይዙት የቀናት ብዛት ነው። ሦስት ሳምንት ይዘው መጥተው ሁለተኛው ሳምንት ላይ ይማከራሉ። ከዚህ ቀዶ ጥገና በኋላ ከ7 እስከ 10 ቀን ሳይሞላ አይበረርም፤ ያም በጎ ከሄደ ነው። ቱቦው የሚወጣው ፈሳሹ በቀን 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ሲደርስ ነው፣ ለዚህ አንዳንዱ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። ቶሎ ከወጣ ፈሳሽ ከቆዳ ሥር ይጠራቀምና በመርፌ መቀዳት ይኖርበታል። ከባድ ዕቃ ማንሳት ለ6 ሳምንት ክልክል ስለሆነ 23 ኪሎው በርበሬና ሽሮ የሌላ ሰው ሸክም ይሁን። እንደ እኔ ግምት በዚህ ጉዞ መማከር፣ በሚቀጥለው ደግሞ ቢያንስ አንድ ወር ይዞ መምጣት ይሻላል።

ሲመለሱ የቀዶ ጥገና ማስታወሻውን፣ የመድኃኒት ዝርዝሩንና የላብራቶሪ ውጤቱን በእንግሊዝኛ፣ ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር እንዲሆን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ውጭ ያለው ሐኪም በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈውን ዓመት አይቶ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት አሮጌ ወረቀት ሊመስለው ይችላል።